የሰው ዘፈን መዋስ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲይዝ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሄቪ ሜታል («ከባድ ብረት» እንደማለት ነው) የሚባለውን ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ መስማት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ላሜራ መቁረጥ፣ ማጠፍና መበየድ ስለሆነ፣ ባልደረቦቼ «ቀኑን ሙሉ ብረት ስትቀጠቅጥ ለምትውለው መንገድ ላይም ብረት ያምርሃል?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ይህን ሙዚቃ ታላቅን የማያከብሩ ጋጠወጦች ጩኸት አድርጎ የሚቆጥረውን አስተያየት ነው፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ የታላላቆቻቸውን ዘፈን እነዚህን ሰዎች ያህል ደጋግመው የሚጫወቱ፣ ከማን እንደተማሩትም በኩራት የሚናገሩ ጥቂት ናቸውና።

ፈረንጆቹ ይህን ሥራ «ከቨር» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የሚቀርበው ቃል «መቅዳት» ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ቃል ለእኛ ለደሴ ልጆች ሌላ ትዝታ አለው። ልጆች ሳለን ባዶ ካሴት ይዘን ፒያሳ ወደነበረ ሙዚቃ ቤት እንሄድና የፈለግነውን ዘፈን እናስቀዳ ነበር፤ የተቀዳው ከዋናው የሚለየው ከጀርባው በሚሰማው እሽታ ብቻ ነበር። ውኃም ይቀዳል፣ ቡናም ይቀዳል፤ የሚቀዳ ነገር ዕቃውን እንጂ ራሱን አይለውጥም። እኔ የማወራለት ሥራ ግን ዘፈኑን ራሱን ስለሚለውጠው «መዋስ» ብለው ይሻለኛል። የተዋሰ ሰው ባለቤቱን ያውቃል።

ባለቤቱን ባለማወቅ መጀመሪያ የተሞኘሁት ሜታሊካ በተባለው የአሜሪካ የሄቪ ሜታል ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ጋራዥ ኢንክ.» የተሰኘ ድርብ አልበም (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ተገልብጦ እጄ ገባ። ፍላሹ ላይ የዘፈኑ ርእስ እንጂ የባለቤቱ ስም ስላልነበረ፣ «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር» የተባለውን ዘፈን የራሳቸው ድርሰት መስሎኝ ለዓመታት አንጎራጎርኩት። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ግን ዘፈኑ የአየርላንድ ሕዝብ የቆየ ዘፈን ነው፤ ዘ ደብሊነርስ የተባሉት በ1960ዎቹ በባንጆ አጅበው ዘፍነውታል፤ ቲን ሊዚ የተባለው የሮክ ባንድ በ1972 በኤሌክትሪክ ጊታር ሠርቶታል፤ ሜታሊካም የተዋሰው ከቲን ሊዚ ነው፤ ጊታሩ መግቢያው ላይ የሚያዜመውን ዜማ ሳይቀር። በ2000 የግራሚ ሽልማት የተሸለሙትም በዚሁ በተዋሱት ዘፈን ነው። ታሪኩ ደግሞ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም፦ ተራራ ላይ የጦር መኮንን አስቁሞ የዘረፈ ሽፍታ፣ የሚወዳት ሴት ትከዳውና ይያዛል። አንድ አዝማሪ ግጥሙን ተርጉሞ በማሲንቆ ቢያወርደው ከፈረንጅ አገር መምጣቱን ማን ይጠረጥር ነበር?

ብዙዎች የዚህ ሙዚቃ አባት የሚሉት የእንግሊዙ ባንድ ብላክ ሳባት እንኳ የጀመረው ተውሶ ነው። በጃንዋሪ 1970 ያወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈኑ «ኢቭል ዉማን» ክሮው የተባለ የአሜሪካ ባንድ ሥራ ነበር። በማግስቱ ወር፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን በወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይም ከዚህ ዘፈን ሌላ «ዋርኒንግ» የተባለ የተዋሱት ዘፈን አለ።

የዚህ ባንድ ጊታር ተጫዋች የቶኒ አዮሚ ታሪክ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ታሪክ ይመስለኛል። አዮሚ በርሚንግሃም ከተማ ላሜራ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር። በ17 ዓመቱ ሥራውን ለቆ ሙዚቀኛ ሊሆን በተሰናበተበት በመጨረሻው ቀን፣ ፕሬስ በሚባለው ብረት መጫኛ ማሽን ላይ የሚሠራው ሰው ስላልመጣ እሱ ተተክቶ እንዲሠራ ተደረገ። ለምሳ ቤቱ ሲገባ ከእንግዲህ አልመለስም ብሎ ነበር፤ እናቱ ግን ሥራህን በወጉ ጨርስ ብለው መለሱት፤ ማሽኑም የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣት ጫፎች ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ክር ገጠመ፤ በ1971 በወጣው ሦስተኛው አልበማቸው ላይ ደግሞ ክሮቹ እንዲላሉለት የጊታሩን ቅኝት አወረደው። እኛ ወርክሾፕ ፕሬሱ ፊት በቆምኩ ቁጥር ፔዳሉን ከመርገጤ በፊት የእጆቼን ቦታ ሁለት ጊዜ የማየው ይህን ካነበብኩ ወዲህ ነው። ዛሬ አሥር ጣታቸው የተሟላላቸው ልጆች የብላክ ሳባትን ዘፈን ሲዋሱ፣ ያንን የወረደ ቅኝትም አብረው ይዋሳሉ። ሳያስፈልጋቸው ጊታራቸውን ያላሉታል፤ ካላላሉት ዘፈኑ ያ ዘፈን አይሆንላቸውም።

ከመዋስ ታሪኮች ሁሉ አብዝቼ የማስበው ግን ስለ ዳይመንድ ሄድ ነው። ይህ ስታወርብሪጅ ከተባለች የእንግሊዝ ከተማ የወጣ ባንድ በ1980 ባሳተመው አልበም ላይ «አም አይ ኢቭል?» የሚል ረጅም ዘፈን አለው። ላርስ ኡልሪክ የተባለ ከበሮ መቺ፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1981 ክረምት እነሱን ለማየት ብቻ ከአሜሪካ ተነሥቶ እንግሊዝ ሄደ፤ ኮንሰርታቸውን አይቶም አልተመለሰም፣ እነሱው ዘንድ በእንግድነት ሳምንታት ከረመ። አሜሪካ ሲመለስ ከጄምስ ሄትፊልድ ጋር ሜታሊካን መሠረተ፤ የባንዱ የመጀመሪያዎቹ ኮንሰርቶችም በዳይመንድ ሄድ ዘፈኖች የተሞሉ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አለ፦ በዚያን ጊዜ ዘፈኖቹ የሰው መሆናቸውን ለታዳሚው አይናገሩም ነበር። የራስ አስመስሎ ዝም ማለት መዋስ አይባልም። በ1984 «አም አይ ኢቭል?»ን በነጠላ ሸክላ ጀርባ ሲያወጡት ግን የደራሲዎቹን ስም አሰፈሩ፤ ዳይመንድ ሄድ በአገሩ ሳይሳካለት ሲቀርም ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ታትለር ከሜታሊካ ቅጂዎች በሚያገኘው የደራሲነት ክፍያ ሲረዳ መኖሩን ራሱ ተናግሯል። የደበቁትን ስም አውጥተው መክፈላቸው ጥፋቱን በዓይኔ አቅልሎልኛል።

የሜታሊካ ቤዝ ተጫዋች ክሊፍ በርተን በሴፕቴምበር 1986 ስዊድን ውስጥ አውቶቡሳቸው ተገልብጦ ሞተ። ባንዱ በእሱ ቦታ ጄሰን ኒውስተድን ተክቶ በማግሥቱ ዓመት ያወጣው የመጀመሪያ ቅጂ የራሱን አንድ ድርሰት አልያዘም፤ አምስቱም ትራኮች የሌሎች ባንዶች ዘፈኖች ናቸው። ስሰማው ለቅሶ ቤት ትዝ ይለኛል፦ ሐዘንተኛው የራሱ ቃል እስኪመጣለት ድረስ አልቃሿ የምታወጣውን እየተቀበለ ያለቅሳል።

የዚያው የዳይመንድ ሄድ ዘፈን ደግሞ ለዕርቅ ውሏል። ጊታር ተጫዋቹ ዴቭ ማስቴይን በ1983 ከሜታሊካ ተባሮ የራሱን ባንድ ሜጋዴዝን ካቋቋመ በኋላ ቂሙ ከሃያ ዓመት በላይ የጋዜጠኞች ሲሳይ ነበር። በጁን 2010 በቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሶፊያ ሜታሊካ፣ ሜጋዴዝ፣ አንትራክስና ስሌየር የተባሉት አራት ባንዶች በአንድ ቀን ሲጫወቱ፣ በመጨረሻ አብረው መድረክ የወጡበት ዘፈን «አም አይ ኢቭል?» ነው። ከስሌየር የወጣው ከበሮ መቺው ዴቭ ሎምባርዶ ብቻ ነበር። ማስቴይንና ሄትፊልድ እዚያው ሕዝብ ፊት ተቃቀፉ። ከአራቱ የአንዳቸውን ዘፈን ቢመርጡ ኖሮ እንግዳና ባለቤት ይለያዩ ነበር ብዬ አምናለሁ። በአገራችንም የተጣሉ ሰዎች የሚታረቁት ከሁለቱ በአንዳቸው ደጅ ሳይሆን ዛፍ ሥር ወይም በሽማግሌ ቤት ነው።

የተዋሰ ሁሉ ግን አይመሰገንም። የዋናውን እያንዳንዱን ኖታ ይዞ ድምፁን ብቻ የሚያጎላ ቅጂ ለእኔ የፒያሳው ካሴት ነው፤ የቸኮለ ሰው ነው የሚሠራው፤ አልፈዋለሁ። ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1977 «ዳይመንድስ ኤንድ ረስት»ን የተዋሰበት መንገድ ግን ትምህርት ቤት ሊሰጥ የሚገባው ነው። የዘፈኑ ባለቤት፣ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ጆን ባኤዝ፣ በ1975 ስትዘፍነው አንድ የድሮ ወዳጅ በድንገት ስልክ ደውሎላት ትዝታ የቀሰቀሰባት ሴት ናት፤ ድምፅዋ አይጣደፍም። የጁዳስ ፕሪስት ድምፃዊ ሮብ ሃልፎርድ ያንኑ ግጥም በፈጣን ጊታር ላይ ሲዘፍነው ስልኩን ዘግቶ መንገድ የጀመረ ሰው ይመስላል። ቃሉ አንድ ነው፣ ቅያሜው ግን ሌላ ነው። ሜጋዴዝ በ1988 የሴክስ ፒስቶልስን «አናርኪ ኢን ዘ ዩ.ኬ.» ሲሠራ ማስቴይን ግጥሙን አሳስቶ በመስማቱ ያልነበሩ ቃላት ዘፍኗል፤ የሚገርመው የዋናው ባንድ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ጆንስ ራሱ በዚያው ቅጂ ላይ ተጫውቷል። የእንግሊዝኛ ግጥም በጆሮአችን ብቻ እየሰማን በፊደላችን ደብተር ላይ እንጽፍ ለነበርን ልጆች ይህ ትልቅ ማጽናኛ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር። አምባሰልና ባቲ ለደሴ የአውቶቡስ መዳረሻዎች ብቻ አይደሉም፣ የቅኝት ስሞች ናቸው፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን ከማን ወሰድሽው ብሎ የጠየቃት የለም፤ የሚጠየቀው ምን ጨመረችበት የሚለው ነው። ችግራችን ያለው ባለቤት የሌለውን ቅኝትና ባለቤት ያለውን ዘፈን አንድ አድርገን ማየታችን ላይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. (ይህኛው በራሳችን አቆጣጠር ነው) ወዲህ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ የአንድን አንጋፋ ዘፈን እንደገና ሠርቶ ስሙን ሳይጠራ ማለፍ አሁንም እንደ ነውር አይታይም። ሜታሊካ በወጣትነቱ የሠራውን ጥፋት እኛ በጉልምስናችን እንሠራዋለን።

ጁላይ 5 ቀን 2025 ብላክ ሳባት በትውልድ ከተማው በቪላ ፓርክ ስታዲየም የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ፣ ቀኑን ሙሉ መድረኩን የያዙት ከእሱ የተማሩ ባንዶች ነበሩ፤ ከራሳቸው ሥራ ጋር የእሱን ዘፈን እየጨመሩ ተጫወቱ። ፓንተራ በ1994 አልበሙ ላይ ተውሶት የነበረውን «ፕላኔት ካራቫን» እዚያው ባለቤቶቹ ባሉበት ተጫወተው። የብላክ ሳባት ድምፃዊ ኦዚ ኦስቦርን በሕመም ምክንያት መቆም ስላልቻለ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀን በኋላም አረፈ። ዜናውን የሰማሁት ወርክሾፕ ውስጥ፣ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንደሰቀልኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቤት ቡና ተጠራሁ። አባባ በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ይጫወቱ ነበር፤ አሁንም ክራራቸው ግድግዳው ላይ ነው። «ይኼ የሞተብህ ሰውዬ ምን ይጫወት ነበር?» አሉኝ። የባንዱን ስም የያዘውን የመጀመሪያውን ዘፈን ከስልኬ አሰማኋቸው፦ ዝናብ፣ ደወል፣ ከዚያ እነዚያ ሦስት ከባድ ድምፆች። ሦስቱ ድምፆች መነሻው፣ የመነሻው ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ)፣ እንዲሁም የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን «ሰይጣን በሙዚቃ ውስጥ» እያሉ ይጠሩት የነበረው ርቀት መሆናቸውን፣ ሰዎቹም ዘፈኑን ለማስፈራት እንደሠሩት አስረዳኋቸው።

አባባ ክራሩን አውርደው አንድ ሁለቱን ክር አጠበቁና አላሉ፤ ከዚያም ሦስቱን ድምፅ ሳይሳሳቱ መቱት።

«ይኼማ አንቺሆዬ ነው!» አሉ። «ሙሽራ የምናጅብበት! ምኑ ነው የሚያስፈራው? ሰዎቹ ሠርግ አያውቁም እንዴ?»

እኔ መልስ ስፈልግ እሳቸው እነዚያኑ ሦስት ድምፆች እንደ መግቢያ እየደጋገሙ ቆይተው ወደ ሠርጉ ዜማ ገቡ፤ ጓዳ የነበሩት ባለቤታቸውም ሲኒ እያጠቡ ተቀበሏቸው። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ስጀምር አዩኝ፤ ጣታቸውን ከክሩ ሳያነሡም «ስሜን ጻፍበት፣ የሟቹንም ጨምር» አሉኝ።