ኮዱ ሲሊንደሩን ይነግረናል፣ ምክንያቱን ግን እኛ ነን የምንፈልገው

ሰላም ጓዶች። የመኪናዬ ኮምፒዩተር ያወጣው የብልሽት ኮድ፣ የፒ 0302 ነገር ተፈታ። መኪናዋ የ2003 ሞዴል፣ ባለ 4 ሲሊንደር ናት። ጠዋት ስትነሳ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ትንቀጠቀጣለች፣ ስትሞቅ ትረጋጋለች። ፒ 0171ም አብሮ ነበረ፤ ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ቀይር» ነው ያለኝ። ኮዱ የሚለው ግን ሁለተኛው ሲሊንደር በደንብ አልተቀጣጠለም ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያውቀው የሞተሩን ዋና ዘንግ (ክራንኩን) አዟዟር በሚከታተለው በክራንክ ሴንሰር ነው። በ4 ሲሊንደር ሞተር ክራንኩ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ሲሊንደር ጉልበት ይሰጣል፤ አንዱ ከዘለለ ክራንኩ ለቅጽበት ይዘገያል። ጥፋቱ የኮይል ይሁን የካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው)፣ የኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ይሁን የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት)፣ ሴንሰሩ አይለይም።

ስለዚህ መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ከመውረዴ በፊት ሞተሩን አጥፍቼ የ2ኛውንና የ3ኛውን ኮይል አቀያየርኩ። ጥፋቱ የኮይሉ ቢሆን ኮዱ ወደ ፒ 0303 ይዞር ነበር። አልዞረም። ካንዴላውንም እንዲሁ አደረግኩ፣ ያው ነው። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ፍተሻ ስለሆነ ለጀማሪ ሁሉ እመክራለሁ። የኮይል ሶኬት ሲያረጅ ቶሎ ስለሚሰበር ግን በእርጋታ ንቀሉት።

መንገዱን ያሳየኝ ፊውል ትሪም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሚኒሞ ላይ የአጭርና የረጅም ጊዜው ተደምሮ +24 በመቶ፣ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ግን +5። የነዳጅ ፓምፕ ወይም ፊልትሮ ቢሆን ነዳጅ ስረግጥ ይብስ ነበር። ሚኒሞ ላይ ከፍቶ ዙር ሲጨምር የሚሻል ከሆነ፣ ያልተለካ አየር በሆነ ቀዳዳ እየገባ ነው። ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ የቀዳዳው ድርሻ ያንሳል።

ሞተሩ ሳይሞቅ በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መጋጠሚያ ላይ የካርቡራተር ማጽጃ በትንሹ ነፋሁ። ሁለተኛው ሲሊንደር ጋ ስደርስ ዙሩ ተለወጠ። ጓርኒሲዮኑ (መጋጠሚያውን የሚያሽገው) ደርቆ ተኮማትሯል፤ ሲሞቅ ተለጥጦ ስለሚዘጋ ነው ችግሩ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚታየው። ማጽጃው በቀላሉ እሳት ይይዛልና የጋለ ብረትና ብልጭታ አጠገብ እንዳትነፉ።

ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞ ላይ ትሪሙ ወደ +3 ወረደ። በቸርችል ጎዳና ከለገሃር ወደ ፒያሳ ዳገቱን ወጣሁባት፤ ኮድ የለም፣ ሚኒሞዋም ጸጥ ያለ ነው።

የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ግን አትንዱ። ያልተቃጠለ ነዳጅ ማርሚታው መስመር ላይ ያለው ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ገብቶ ያግለዋል፣ ያበላሸዋልም።

ቀጥዬ ኮምፕሬሽን እለካለሁ። ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር እዚህ አይሞላም፤ አነስ ማለቱ ብቻውን ሞተሩ አርጅቷል አያሰኝም። እኔ የማየው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። እዚሁ የለካችሁ ካላችሁ የሞተሩን ዓይነትና አራቱንም ቁጥሮች ጻፉልኝ።