ክር፣ ሞላ፣ ሰም፦ የጊታር ጠበብት በሮክና በሜታል ላይ ያኖሩት

የጊታር ጠበብት ሲነሱ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ፍጥነት ላይ ይወድቃል፤ ማን በሰከንድ ስንት ኖታ መታ፣ ማን ማንን ይበልጣል። ፍጥነቱ ግን ዛሬ እንደ ድሮው አያስደንቅም። በየጊዜው ይበልጥ ፈጣን የሆነ ልጅ ይመጣል። ያልጠፋው ሌላ ነው፦ እነዚያ ሰዎች እጃቸው ወይም መሣሪያቸው እምቢ ሲላቸው የዘየዱት ዘዴ። ሶሎ ጭራሽ የማይጫወቱ ባንዶች ሳይቀሩ ዛሬ የሚጫወቱት በዚያ ዘዴ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቶኒ አዮሚ ልጀምር። ከጠበብት ተርታ የማይቆጥሩት አሉ፤ ለእኔ ግን ያለ እሱ ሜታል የሚባል ድምፅ አይታየኝም። በ1965፣ በ17 ዓመቱ፣ በርሚንግሃም ውስጥ ይሠራበት የነበረው የብረታ ብረት ፋብሪካ ማሽን የቀኝ እጁን የመሃልና የቀለበት ጣት ጫፍ ወሰደበት። ግራኝ ስለሆነ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያሉትን የብረት መከፋፈያዎች) የሚይዘው በዚሁ እጁ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ላዩን ቆዳ አለበሰው። ቆዳ የለበሰ ጣት ክሩን በደንብ አይሰማውም፣ ጠንከር ያለ ክር መግፋትም ያቅተዋል። ስለዚህ ቀጫጭን ክር አሰረ፤ በ1971 በወጣው በባንዱ በብላክ ሳባዝ ሦስተኛ አልበም ላይ ደግሞ ጊታሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ (አንዱ ግማሽ ድምፅ የአንድ ፍሬት ርቀት ነው) ዝቅ አድርጎ ቃኘው። የዛሬው ሜታል ከባድ ድምፅ ከተነሳባቸው ምክንያቶች አንዱ እንግዲህ አንድ የተጎዳ እጅ የፈለገው ምቾት ነው።

የዚህን ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። የክር ውጥረት የሚለወጠው በድምፁ ድግግሞሽ ስኩዌር ልክ ነው። አንድ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብትሉ ውጥረቱ ወደ 89 ከመቶ ይወርዳል፣ ሁለት ብትሉ ወደ 79፣ ሦስት ብትሉ ወደ 71። ለጣት እረፍት ነው፤ ለሪፍ (ተደጋግሞ ለሚመጣው የጊታር ሐረግ) ግን ጣጣ አለው። የላላ ክር በኃይል ሲመታ መጀመሪያ ድምፁ ከፍ ብሎ ይነሳና ነው ወደ ቦታው የሚወርደው፤ ፍሬት ላይም ይንኳኳል። ውጥረቱን ለመመለስ የክሩን ውፍረት ማባዛት ነው፦ ለሁለት ግማሽ ድምፅ በ1.12፣ ለሦስት በ1.19። በ10 ቁጥር (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው) የሚጀምር ክር ሁለት ሲወርድ 11፣ ሦስት ሲወርድ 12 ይሆናል፤ በወፍራሙ ወገን 46 የነበረው ወደ 52 ወይም ወደ 54 ይጠጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ክሩን ቀይሮ ይተወዋል፣ ከዚያ ጊታሩ ቅኝት አልይዝ ሲለው ፋብሪካውን ይወቅሳል። ወፍራሙ ክር በነቱ (በአንገቱ ራስ በኩል ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ) ጠባብ ቦይ ውስጥ ይያዝና ቁልፉን ስታዞሩ «ጭክ» እያለ በዝላይ ይሄዳል፤ ቦዩ በቀጭን ሞረድ ትንሽ መስፋት አለበት። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ የምታገኙትንም ድምፅ እዚያው ክሩን ሳትጫኑ ነክታችሁ ከምታገኙት ጋር አወዳድሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ በብሪጁ (በጊታሩ አካል ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት ክፍል) ላይ ያለውን የክር መቀመጫ ከነቱ አርቁት፣ ዝቅ ካለ አቅርቡት።

ጂሚ ሄንድሪክስም አንድ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይጫወት ነበር። ከሰኔ 1967 የሞንተሬይ መድረክ ብዙው ሰው የሚያስታውሰው የተቃጠለውን ጊታር ነው። እኔን የሚገርመኝ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስትራቶካስተር ጊታር ገልብጦ በመያዙ የተፈጠረው የድምፅ ለውጥ ነው። ብሪጁ አጠገብ ያለው ሰያፍ ፒካፕ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) አብሮ ስለተገለበጠ ወፍራሞቹ ክሮች ወደ ብሪጁ ቀርበው የጠራና የደረቀ ድምፅ ሲሰጡ ቀጫጭኖቹ ለዘብ ይላሉ። ያንን ድምፅ በቀኝ እጅ ጊታር የሚፈልግ ሰው ያንን ፒካፕ ገልብጦ ማሰር እንጂ ሌላ ፔዳል መግዛት አያስፈልገውም።

የጊታሩን አሠራር ራሱን የለወጠው ግን ኤዲ ቫን ሄለን ነው። በየካቲት 1978 የወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ያለችው «ኢረፕሽን» 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ብቻ ናት። የሚፈልገው ጊታር በገበያ ላይ አልነበረም። የስትራቶካስተር ቅርጽና የሚወዛወዝ ብሪጅ ይወዳል፣ የጊብሰን ጊታርን ወፍራም ድምፅ ደግሞ ይፈልጋል። ስለዚህ አካሉንና አንገቱን ለየብቻ ገዝቶ ገጠመ፣ እንጨቱን ፈልፍሎ አንድ ሀምባከር (ጥንድ ጥቅልል ያለው ፒካፕ) ብሪጁ አጠገብ አስገባ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ አንድ ቁልፍ ብቻ ተወ። ከዚያ ወዲህ በ1980ዎቹ የወጣው የሮክ ጊታር በአብዛኛው የዚያ ጊታር ልጅ ነው።

ሀምባከሩ ግን አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ሲጮህ አብሮ ያፏጫል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የመዳብ ሽቦው ጥቅልል ልል ሲሆን በድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅስቃሴው ራሱ ድምፅ ሆኖ ወደ አምፑ ይገባል። ቫን ሄለን ፒካፑን በቀለጠ ሰም ውስጥ ነከረው። ይህን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል፣ ግን በጥንቃቄ። ወደ 80 ከመቶ ፓራፊንና ወደ 20 ከመቶ የንብ ሰም ቀላቅሉ፤ የንብ ሰሙ የሚገባው ፓራፊኑ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት፤ በውሃ በተሞላ ሌላ ድስት ውስጥ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ትነቱ እሳት ይይዛል። ሙቀቱን በቴርሞሜትር 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያዙ። 70ን ሲያልፍ ሽቦው የተጠቀለለበት ፕላስቲክ መጣመም ይጀምራል፤ ፒካፑም ያኔ አለቀለት። አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ይቆይ፤ አውጥታችሁ ሳይበርድ ጥረጉት። ከዚህ በኋላም ካፏጨ ጥፋቱ የሽቦው ላይሆን ይችላል፤ የላላ የብረት ሽፋን ወይም ፒካፑን የተሸከመው ብሎን ያንኑ ያደርጋል።

የአምፑን ነገር በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቫን ሄለን የኤሌክትሪኩን ቮልት መቀያየሪያ ትራንስፎርመር ተጠቅሞ ወደ 90 ገደማ ዝቅ ያደርገው ነበር እንጂ ከፍ አያደርገውም። ከፍ አድርጎ የሚሞክር ሰው ቱቦዎቹንና ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል።

ታፒንግን (በቀኝ እጅ ጣትም ፍሬት ላይ ክሩን መምታትን) እሱ አልፈጠረውም። ስቲቭ ሃኬት በ1971 ከጄነሲስ ጋር ተጠቅሞበታል። ቫን ሄለን ግን የሮክ ቋንቋ አደረገው። ከሁሉ የሚቀለው መነሻ በቀጭኑ ክር ላይ ነው፦ የቀኝ እጅ ጣት 12ኛውን ፍሬት ይመታል፣ ሲነሳ 5ኛው ይሰማል፣ የግራ እጅ ትንሿ ጣት 8ኛውን ትመታለች። ሦስቱ ኢ፣ ኤ፣ ሲ ናቸው፤ ኤ ማይነር ኮርድ። የቀኙን ጣት ብቻ ወደ 13ኛው አንድ ፍሬት ብታሳልፉት ኤፍ ሜጀር ይሆናል። ግራ እጅ ንቅንቅ ሳይል ኮርዱ ተለወጠ፤ ይህ ነው ውበቱ። ጀማሪን የሚያደናቅፈው መምታቱ አይደለም፣ ማንሳቱ ነው። ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ካነሳው 5ኛው ፍሬት ድምፅ አይሰጥም፤ ክሩን ወደ ጎን ትንሽ ቆንጠር አድርጎ መልቀቅ አለበት። በደቂቃ 60 ምት በሜትሮኖም (በምት ቆጣሪ)፣ በአንድ ምት ሦስት ኖታ ጀምሩ። ሦስቱ ኖታዎች በጉልበት እኩል ካልሆኑ ፍጥነት መጨመር ስህተቱን ማጠንከር ነው።

የሚወዛወዘው ብሪጅ ሌላ ራስ ምታት ነበር፤ ክንዱን ዝቅ አድርጎ ሲመለስ ቅኝቱ ይበላሻል። ፍሎይድ ሮዝ ክሩን በነቱም በብሪጁም በብሎን ቆልፎ ችግሩን ፈታው፤ የፈጠራ ባለቤትነቱን ያገኘው በ1979 ነው። ያለዚያ ብሪጅ የስቲቭ ቫይም ሆነ የዳይምባግ ዳሬል የሚያጓራና የሚጮህ ድምፅ ባልኖረ። ግን ይህን ብሪጅ የሚጠሉት ብዙዎች ናቸው፣ የሚጠሉትም ስለማይረዱት ይመስለኛል። ብሪጁ ሚዛን ነው። በአንድ ወገን ስድስቱ ክሮች፣ በሌላው ከጀርባ ያሉት ከ3 እስከ 5 ሞላዎች ይጎትቱታል። አንዱን ክር ስታጠብቁ ብሪጁ ወደ ፊት ይሰግዳልና ሌሎቹ አምስቱ ይወርዳሉ፤ አንዱ ክር ቢበጠስ ሞላው ያሸንፍና ሌሎቹ ከፍ ይላሉ። ስለዚህ ክር ስትቀይሩ አንድ አንድ እያላችሁ ቀይሩ፣ ወይም ከብሪጁ ሥር በጀርባው ክፍት ቦታ የእንጨት ቁራጭ አስገብታችሁ አስሩት። የነቱን ብሎኖች ፈትታችሁ፣ በብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ መቃኛዎች እመሃል ላይ አቁሙ፤ ከዚያ በትልቁ ቁልፍ ቃኙ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክር አንድ ዙር ስትጨርሱ የመጀመሪያው ተለውጦ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፣ አራት አምስት ዙር ይጠይቃል። ቅኝቱ ደርሶ ብሪጁ ወደ ላይ ካቀና የሞላዎቹን ሁለት ብሎኖች እኩል ሩብ ዙር አጥብቁና እንደገና ቃኙ፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ አላሉ። ከአካሉ ጋር ትይዩ ሲሆን ብቻ ነቱን ቆልፉ። ብሎኑ ለስላሳ ብረት ነው፤ ከልክ በላይ ካጠበቃችሁት የ3 ሚሊሜትሩ መፍቻ ጥርሱን ይበላዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ክንዱ ሲለቀቅ ቅኝቱ ካልተመለሰ፣ ብሪጁ የሚያርፍባቸው ስለታም ጠርዞች ደንዝዘዋል ማለት ነውና መለወጥ ይሻላል።

ስዊድናዊው ኢንግቬ ማልምስቲን በ1984 «ራይዚንግ ፎርስ»ን ሲያወጣ ሜታል ከብሉዝ ስኬል ወደ ሃርሞኒክ ማይነር ፊቱን አዞረ። ሪቺ ብላክሞርና ራንዲ ሮድስ መንገዱን ቀደም ብለው ከፍተውታል። ስኬሉ ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ ሻርፕ ነው፤ ከኤፍ እስከ ጂ ሻርፕ ያለችው የሦስት ፍሬት ክፍተት ናት ያንን የጨለመ ቃና የምትሰጠው። ኖታዎቹን ማንም ሊቀዳቸው ይችላል። ምስጢሩ ያለው የቀኝ እጁ ላይ ነው። ፒኩን (ክር የሚመታበትን ትንሽ ስስ ቁራጭ) ትንሽ ያዘነብለዋል፤ ስለዚህ ወደ ታች የሚወርደው ምት በሁለት ክሮች መሃል ይቀራል፣ ወደ ላይ የሚመለሰው ግን ከክሮቹ በላይ ነፃ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ወደ ቀጣዩ ክር ለመሻገር በላይኛው ምት ላይ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ያም በእያንዳንዱ ክር ላይ ተጋማሽ ቁጥር ያለው ኖታ፣ ማለትም 2፣ 4 ወይም 6፣ መጫወት ማለት ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ ሲሆንበት ወደ ቀጭኑ ክር እየሄደ ከሆነ ፒኩን በዚያው ምት ወደሚቀጥለው ክር ይገፋዋል፣ ወደ ወፍራሙ እየተመለሰ ከሆነ አንዷን ኖታ በፑል ኦፍ (የግራ እጅ ጣትን ከክሩ ነጥቆ በማንሳት) ይጫወታታል። ለዓመታት በሜትሮኖም ተለማምደው በአንድ ፍጥነት ላይ የተገተሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የጎደላቸው ትጋት አይደለም፤ ፒኩ በተሳሳተ ምት ላይ ክር ሊሻገር ሲል ይያዝባቸዋል።

ስዊፕ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ለኤ ማይነር በሦስት ክር፦ ጂ ክር 14፣ ቢ ክር 13፣ ቀጭኑ ኢ ክር 12 እና 17። ፒኩ ሦስቴ አይመታም፤ አንዴ ተገፍቶ በሦስቱ ላይ ይንሸራተታል፣ 17ኛው በሀመር ኦን (የግራ እጅ ጣት ክሩን በመምታቱ) ይመጣል። ኖታዎቹ ተደራርበው ኮርድ ሆነው ከተሰሙ ጥፋቱ የግራ እጅ ነው፦ እያንዳንዱ ጣት ድምፁ እንደወጣ መላላት አለበት፣ ከክሩ ግን ሳይለቅ።

እዚህ ላይ ዘለግ ማለት የምፈልገው ስለ ማፈን ነው፤ ከጠበብቱ ሁሉ ለሜታል የተረፈው ትልቁ ነገር ይህ ነውና። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው ማዛቢያ) ትንሹን ድምፅ ከትልቁ ጋር እኩል ያነሳዋል፤ ሳታስቡት የነካችሁት ክር እንደ ሶሎው ይጮኻል። ስለዚህ ዝም ያሉት አምስት ክሮች ከሚጮኸው አንዱ የበለጠ ሥራ ይጠይቃሉ። ከምትጫወቱት ክር በላይ ያሉትን ወፍራሞቹን የቀኝ እጅ መዳፍ ያፍናቸዋል፣ ከሥር ያሉትን ቀጫጭኖቹን የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት በሆዱ ይነካቸዋል። ለሪፍ ደግሞ መዳፉ የሚያርፈው ክሩ ከብሪጁ በሚነሳበት ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ወደ ፒካፑ ከሄደ ኖታው ይሞታል፣ ከጠርዙ ወደ ኋላ ካለ ክሩ ይለቀቃል። ጌት ፔዳል (ድምፅ ሲያንስ የሚዘጋው መሣሪያ) የሚዘጋው ባዶውን ጊዜ ብቻ ነው፤ በኖታዎች መሃል የሚያንሾካሹከውን አይዘጋም። ልምምዱን መቅዳትና በዝቅተኛ ድምፅ መልሶ መስማት ጉድለቱን ያወጣዋል።

የአንዱ ጠቢብ ፍላጎት በሌላ በኩል ምን እንደሚወልድ የሚያሳየው ግን ሰባተኛው ክር ነው። የጆ ሳትሪያኒ ተማሪ የነበረው ስቲቭ ቫይ (የሜታሊካው ከርክ ሃሜትም ከሳትሪያኒ ተምሯል) ከጊታር ሠሪው ከአይባኔዝ ጋር በ1990 ባለ ሰባት ክር ጊታር አወጣ፤ ለሶሎ ስፋት ነበር ያሰበው። በ1994 ኮርን የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ ያንኑ ጊታር ሌላ አንድ ሙሉ ድምፅ አውርደው፣ ወፍራሙን ክር ኤ ላይ ቃኝተው፣ ያለ ሶሎ ሪፍ ብቻ መቱበት። ሜሹጋ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ስምንት ክር ሄዱ። ቶሲን አባሲ ደግሞ ስምንቱን ክር በአውራ ጣት እንደ ቤዝ መምታት ጀመረ፤ አውራ ጣቱ ወደ ታች መትቶ ቀጣዩ ክር ላይ ያርፋል፣ ሲመለስ ያንኑ ክር ከሥር ይመታል፣ በመሃል ግራ እጅ አንድ ኖታ በሀመር ኦን ይጨምራል። ይህን የሚሞክር ሰው ዲስቶርሽኑን ዝቅ ያድርግ፤ አውራ ጣት ከፒክ ይልቅ ብዙ ዝቅተኛ ድምፅ ስለሚያወጣ በሙሉ ዲስቶርሽን ኖታው ይጨማለቃል። ለሰባት ክር ቢ ቅኝት በ648 ሚሊሜትር የክር ርዝመት ወፍራሙ ክር 59 ወይም 62 ቢሆን በቂ ነው፤ ወደ ኤ ለመውረድ በ1.12 አባዙት።