ኢንተግራሉን ከመንካታችሁ በፊት ወሰኑን እዩት

ሰሞኑን ካልኩለስ ላይ ሙሉ ትኩረቴ ሲሜትሪ ላይ ነው። የጅማ ዝናብ ከሰዓት አላስወጣ ሲለን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ዲፊኒት ኢንተግራል (መነሻና መድረሻ ወሰን ያለው ኢንተግራል) እንሠራለን። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አሁን መጀመሪያ የማየው ወሰኖቹን ነው። ከኔጌቲቭ 2 እስከ ፖዘቲቭ 2 ዓይነት ከሆኑ፣ በኤክስ ቦታ ኔጌቲቭ ኤክስ እተካለሁ። ፈንክሽኑ ካልተለወጠ ኢቭን ነው፤ ከ0 እስከ 2 ያለውን ሠርቶ በ2 ማባዛት ይበቃል። ምልክቱ ብቻ ከተገለበጠ ኦድ ነው፤ መልሱ 0። ለምሳሌ ኤክስ ኩብ ሲባዛ በኮሳይን ኤክስ ቢመጣ፣ ባይ ፓርትስ በሚባለው ረጅም ዘዴ ሦስት ጊዜ መሄድ ምን አደከመን? ኦድ በኢቭን ሲባዛ ኦድ ነው። አለቀ።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1 ሲካፈል ለኤክስ ኩብም ኦድ ነው፤ ሆኖም ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1 መልሱ 0 አይደለም። ፈንክሽኑ 0 አካባቢ ልክ ስለሌለው ኢንተግራሉ ዳይቨርጅ ያደርጋል፤ ማለትም የተወሰነ ቁጥር አይሰጥም።

ልቤን የሰረቁት ግን ሲሜትሪ የሌላቸው የሚመስሉት ናቸው። ይቺን እዩልኝ፦ ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1፣ ላይ ኤክስ ስኩዌር፣ ታች 1 ሲደመር ኢ ቱ ዘ ኤክስ። ኢቭንም ኦድም አይደለችም። አንቲዴሪቬቲቯም (ዴሪቬቲቭ ሲወሰድ እሷን የሚሰጠው ፈንክሽን) በለመድናቸው ፈንክሽኖች አይጻፍም። አሁን ኤክስን በኔጌቲቭ ኤክስ ተኩና (የኢንተግራሉ ዋጋ አይለወጥም) ያገኛችሁትን ከመጀመሪያው ጋር ደምሩት። ኤክስ ስኩዌርን ለብቻው ስታወጡት የቀሩት ሁለቱ ክፍልፋዮች ተደምረው ልክ 1 ይሆናሉ! ኢ ጠፋ፣ ኤክስ ስኩዌር ብቻውን ቀረ። የኢንተግራሉ እጥፍ 2/3 ስለሆነ መልሱ 1/3 ነው። እንዲህ ያለ ውበት ሒሳብ ውስጥ ሳገኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ሲሜትሪው ደግሞ የግድ 0 ላይ መሆን የለበትም፤ የወሰኖቹ መሃል ላይም ይሠራል። ከ0 እስከ ፓይ/2፣ ላይ ሳይን፣ ታች ሳይን ሲደመር ኮሳይን ይሁን። ኤክስን በፓይ/2 ሲቀነስ ኤክስ ስትተኩት ሳይን ኮሳይን ይሆናል፣ ኮሳይንም ሳይን። ሁለቱን ስትደምሩ 1 ይመጣል፤ የኢንተግራሉ እጥፍ ፓይ/2 ስለሆነ መልሱ ፓይ/4። ሳይኑንም ኮሳይኑንም ሁሉ 100 ፓወር ብታደርጓቸው መልሱ ያው ፓይ/4 ነው።

አሁን የያዝናት ይቺን ነው፦ ከ0 እስከ ፓይ፣ ላይ ኤክስ ሲባዛ በሳይን ኤክስ፣ ታች 1 ሲደመር ኮሳይን ስኩዌር ኤክስ። መልሷ ፓይ ስኩዌር ሲካፈል ለ4 ነው። ኤክስን በፓይ ሲቀነስ ኤክስ ተኩና ላይ ያለው ኤክስ እንዴት እንደሚጠፋ እዩ።