ሪዙ የማን ነው? አዲስ የሆረር ፊልም ከማየቴ በፊት የምሞላው ደብተር

የዳይሬክተር ሮበርት ኤገርስ የቫምፓየር ፊልም "ኖስፈራቱ" በ2024 መጨረሻ ሲወጣ (ዓመቱንም ወሩንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ካከራከሩት ነገሮች አንዱ የቫምፓየሩ የካውንት ኦርሎክ ሪዝ ነበር። "ቫምፓየር ደግሞ ሪዝ አለው እንዴ?" የሚል ቅሬታ በረከተ። የፊልሙ ታሪክ ሥር በሆነው፣ ብራም ስቶከር በ1897 ባሳተመው "ድራኩላ" ምዕራፍ 2 ላይ ግን የግንቡን በር የሚከፍተው ሽማግሌ፣ ድራኩላ ራሱ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ፣ ጺሙን የተላጨ፣ ረጅም ነጭ ሪዝ ያለው ሰው ነው። ሪዝ የሌላቸው የ1922ቱ ድምፅ አልባ "ኖስፈራቱ" ኦርሎክና የ1931ዱ "ድራኩላ" ፊልም ተዋናይ ቤላ ሉጎሲ ናቸው። ተመልካቹ ለመጽሐፉ የተቆረቆረ መስሎት ጥብቅና የቆመው ለድሮ ፊልም ነበር።

ከቆየ መጽሐፍ የተሠራ አዲስ ሆረር ሲመጣ የምጠብቀው ነገር ሥሩ የት እንደሆነ የምለይበት አንድ ዘዴ አለኝ። በዋናነት የማሳየው በጊየርሞ ዴል ቶሮ "ፍራንከንስታይን" (2025) ላይ እንዴት እንደሠራሁበት ነው፤ በኋላ ወደ ድራኩላ እመለሳለሁ። ፊልሙን ያላያችሁ ተጠንቀቁ፤ መጨረሻውን ሳይቀር እናገራለሁ።

የሚያስፈልገው ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ማስመሪያና ባለ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ነው። ገጹን ለሦስት ከፈልኩት፦ "ምን እጠብቃለሁ"፣ "ከየት መጣ"፣ "በአዲሱ ፊልም ምን ሆነ"። የመጀመሪያው ዓምድ የሚሞላው መጽሐፉ ሳይከፈት፣ ትሬለሩም ሳይታይ፣ ከጭንቅላት ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ልፋቱ ከንቱ ነው። መጽሐፉን አንብቦ የተነሣ ሰው "እኔማ ይሄ በመጽሐፉ እንደሌለ ድሮም አውቅ ነበር" ማለቱ አይቀርም። ለፍራንከንስታይን፣ ቪክቶር የተባለ ተማሪ ፍጡር ሠርቶ ነፍስ ለሚዘራበት ታሪክ፣ የሞላሁት ዓምድ ይህን ይመስል ነበር፦ መብረቅ፣ ጎባጣ ረዳት፣ አንገት ላይ የተሰካ ብሎን፣ ጠፍጣፋ ራስ፣ ከማጉረምረም በቀር ቃል የማይወጣው ፍጡር፣ ችቦ ይዞ የሚያሳድድ የመንደር ሰው፣ ሙሽራ፣ "ዶክተር" ፍራንከንስታይን።

ሁለተኛው ዓምድ በፊደል ነው የሚሞላው። "መ" ከመጽሐፉ ነው ማለት ነው፤ "ቲ" ከቲያትር፣ "ፊ" ከፊልም፣ ከጎናቸው ዓመት ይጻፋል። መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፦ "መ"ን ያለ ምዕራፍ ቁጥር እጽፍ ነበር፤ በኋላ ሳጣራ ግማሾቹ አልተገኙም። አሁን ምዕራፉን በቁጥር ካልጠቀስኩ "መ" አልጽፍም፤ ረድፉ በጥያቄ ምልክት ይቆያል።

ከማንበብ በፊት ግን የትኛው እትም እንደተያዘ ማረጋገጥ ግድ ነው። ሜሪ ሼሊ "ፍራንከንስታይን"ን በ1818 ስሟን ሳትገልጽ በሦስት ቅጽ አሳተመችው፤ በ1831 ደግሞ አሻሽላ በአንድ ቅጽ አወጣችው። የባለቤትነት መብቱ ዘመን ስላለፈበት ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ሽፋኑ ላይ ግን የትኛው እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የቪክቶርን እጮኛ የኤሊዛቤትን ታሪክ አይቶ መለየት ይቻላል። የቪክቶር የአክስቱ ልጅ ከሆነች የ1818ቱ ነው፤ ኮሞ ሐይቅ አጠገብ ከድሃ ቤት የተወሰደች የሙት ልጅ ከሆነች የ1831ዱ ነው። ምዕራፎቹም አይገጥሙም። ፍጡሩ ነፍስ የሚዘራበት ሌሊት በ1831ዱ ምዕራፍ 5፣ በ1818ቱ ደግሞ አንደኛ ቅጽ ምዕራፍ 4 ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት እትም ተከራክረው ሁለቱም ልክ የሚሆኑት በዚህ የተነሣ ነው። እኔ ከዚህ በታች የምጠቅሰው የ1831ዱን ቁጥር ነው፤ አራት ደብዳቤና 24 ምዕራፍ አለው። ሌሊት ሌሊት አንድ ምዕራፍ፣ ደብዳቤዎቹን በአንድ ምሽት፤ 25 ቀን ይበቃል። ጊዜ ላጠረው ደብዳቤዎቹን፣ 5ን፣ 8ን፣ ከ10 እስከ 17፣ 20ን፣ 23ንና 24ን እንዳይዘል እመክራለሁ።

እስቲ ረድፎቹን እንያቸው። ቪክቶር በምዕራፍ 5 በዝናባማ የኅዳር ሌሊት፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል፣ ብቻውን ነው የሚሠራው። መብረቅ የለም። ፍጡሩን ሕያው ያደረገው ነገር "ብልጭታ" ነው የሚባለው፤ እንዴት እንዳደረገው ግን ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብሎ ሆነ ብሎ ይደብቃል። ሆኖም መብረቅን "ፊ" ብሎ ማለፍም ልክ አይደለም፤ በምዕራፍ 2 ላይ ቪክቶር በ15 ዓመቱ ገደማ መብረቅ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲያደባይ አይቶ ስለ ኤሌክትሪክ ይማራል። ስለዚህ ረድፉ "መ 2፣ ቦታው ተዛውሯል" ሆነ። እንዲህ ያሉ ግማሽ ልክ የሆኑ ረድፎች ከሁሉ ይልቅ ያስተምራሉ፤ ፊልም ሠሪ መጽሐፍ ውስጥ ያገኘውን ዘር እንዴት ነቅሎ ሌላ ቦታ እንደሚተክል ያሳያሉ።

ረዳቱ በመጽሐፉ ጨርሶ የለም። ፍሪትዝ የሚባል አገልጋይ የገባው በ1823 ለንደን በታየው ቲያትር ነው፤ ሜሪ ሼሊ ራሷ ገብታ አይታዋለች። የ1931ዱ የፍራንከንስታይን ፊልም ፍሪትዝን ጎባጣ አድርጎ ወሰደው። ሰው ሁሉ የሚጠራው "ኢጎር" ግን የመጣው በ1939ኙ ፊልም ነው፤ እዚያም ተሰቅሎ ሳይሞት የቀረ፣ አንገቱ የተሰበረ ሰው እንጂ የላቦራቶሪ ረዳት አይደለም። አንድ ረድፍ፣ ሦስት ምንጭ። የፍጡሩ ዱዳነትም በዚያው በ1823 ቲያትር ይጀምራል። በመጽሐፉ ግን ከምዕራፍ 11 እስከ 16 ድረስ የሚተርከው ፍጡሩ ራሱ ነው፤ ከ24 ምዕራፍ ስድስቱ፣ ሩቡ መሆኑ ነው። ቁመቱ ስምንት ጫማ (ወደ 2.4 ሜትር) ነው፤ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፀጉርና ነጫጭ ጥርስ አለው፣ ብሎን ግን የለውም። የመንደሩ ሰው በምዕራፍ 11 በድንጋይ ያባርረዋል፤ ችቦው የ1931 ነው። ቪክቶርም ዶክተር አይደለም፤ የኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሙሽራዪቱ በምዕራፍ 20 ሳታልቅ በቪክቶር እጅ ትበጣጠሳለች፤ ዓይኗን የገለጠችው በ1935ቱ ፊልም ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፍጡሩ ወድቀው አግኝቶ ካነበባቸው መጻሕፍት አንዱ የጆን ሚልተን "የጠፋችው ገነት" ነው። በዚያ ግጥም አራተኛ ክፍል ሚልተን የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበትን "አማራ" የሚባል ተራራ፣ አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት ያሉትን፣ ይጠቅሳል፤ የግሸን ወሬ አውሮፓ ደርሶ መሆኑ ነው። ጫካ ውስጥ የተደበቀው ፍጡር ስለ እኛ ሀገር አንብቧል ማለት እንችላለን። ለዚህ ረድፍ የሚሆን ዓምድ ባይኖረኝም ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ።

ጠፍጣፋውን ራስና ብሎኑን አዲሱ ፊልም ለምን አያመጣም ለሚል መልሱ ከጥበብ ይልቅ ሕግ ነው። መጽሐፉ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ለ1931ዱ ፊልም ያበጀው፣ ፍጡሩን የተጫወተው የቦሪስ ካርሎፍ ፊት ግን የዩኒቨርሳል ፊልም ኩባንያ ንብረት ነው። የእንግሊዙ ፊልም ኩባንያ ሐመር በ1957 የራሱን ፍራንከንስታይን ሲሠራ ሌላ መልክ የፈጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። "ፊ 1931" የተባለ መልክ በሌላ ኩባንያ ፊልም ላይ መጠበቅ ራስን ማሳዘን ነው፤ እነዚህን ረድፎች በቀይ አሰምርባቸዋለሁ።

ሌላው ቀድሞ የሚሠራ ነገር ሒሳቡ ነው። መጽሐፉ ወደ 75,000 ቃል ነው። ጮክ ብሎ በደቂቃ 150 ቃል ቢነበብ 500 ደቂቃ ይፈጃል፤ የዴል ቶሮ ፊልም 150 ደቂቃ ግድም ነው። ከሦስት እጅ ሁለቱ የግድ ይወጣል። ስለዚህ "ቆረጡት" የሚለውን ቅሬታ ትቼ "የትኛውን ቆረጡ፣ የተቆረጠው ምን ተሸክሞ ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ።

ፊልሙን ሁለት ጊዜ አየሁት። በመጀመሪያው ቀን ያለ ደብተር፤ ደብተር ይዞ የሚያይ ሰው ፊልም ሳይሆን ፈተና ያርማል። በሁለተኛው ቀን እያቆምኩ ሦስተኛውን ዓምድ ሞላሁ፤ አራት ሰዓት ያህል ወሰደ። በበረዶ የተያዘው መርከብ አለ፤ ካፒቴኑ ግን እንደ መጽሐፉ ዋልተን ሳይሆን አንደርሰን ነው። መጀመሪያ ቪክቶር፣ ቀጥሎ ፍጡሩ ይተርካል፤ ይናገራል፣ ያነባል፤ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌም አለ። በዚህ ከ1931ዱ ይልቅ ለመጽሐፉ በጣም ይቀርባል። ከዚያው ጋር መብረቁን አልተወም፤ ግንብ ላይ ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ አመጣ። ከመጽሐፉም ከፊልሞቹም ቀድቷል። ዘመኑ ወደ 1850ዎቹ ተገፍቷል፤ ገንዘብ የሚያቀርብ ሃርላንደር የሚባል የጦር መሣሪያ ነጋዴ ተጨምሯል፤ ኤሊዛቤት የወንድሙ የዊልያም እጮኛ ሆናለች፤ የመጽሐፉ አገልጋይ ጀስቲንና የቪክቶር ጓደኛ ክለርቫል የሉም። ኤሊዛቤት በመጽሐፉ በሠርጓ ሌሊት በፍጡሩ እጅ ትሞታለች (መ 23)፤ በፊልሙ ግን የሚገድላት ቪክቶር ለፍጡሩ የተኮሰው ጥይት ነው።

ከሁሉ የከበደው ለውጥ ግን በደብተሬ ላይ ረድፍ እንኳ አልነበረውም። የመጽሐፉ ቪክቶር ደግ አባት አለው፤ በፍቅር አድጓል። ፍጡሩ ዓይኑን በገለጠባት ሰዓት ጥሎት ሲሸሽ የሚያመካኝበት ክፉ አስተዳደግ የለውም። ፊልሙ ቻርልስ ዳንስ የሚጫወተውን ጨካኝ አባት አመጣ፤ ቪክቶርም ወዲያው አይሸሽም፤ ፍጡሩን አስሮ ያስተምረዋል፣ ይሰለቸዋል፣ አባቱ እንደመታው ይመታዋል። ጥፋቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሆነ፤ መጨረሻው ላይ ያለው ይቅርታም የሚቻለው በዚህ ነው። በመጽሐፉ ይቅርታ የለም፤ ፍጡሩ በቪክቶር ሬሳ ላይ አልቅሶ ራሱን ሊያቃጥል በበረዶው ላይ ይሄዳል። በእኔ ዓይን የጀስቲን መውጣት ከዚህ ጋር ተያያዥ ነው። ምዕራፍ 8 ላይ ጀስቲን ንጹሕ ሆና ሳለ ስትሰቀል ቪክቶር እውነቱን እያወቀ ዝም ይላል፤ ይህን ዝምታ ክፉ አባት ሊያስረዳው አይችልም። ፊልሙ ያማረ ነው፣ ተዋናዩ ጄከብ ኤሎርዲ የሚጫወተው ፍጡርም ልብ ይነካል፤ ቪክቶርን ግን አቅልሎታል።

ከዚህ በኋላ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ጨመርኩ፦ ማን፣ ምን አደረገ፣ በማን ምክንያት። መልክና ዕቃ ከሚመዘገብበት ዓምድ የሚያመልጠው የምክንያት ሰንሰለቱ ነው፤ መጽሐፉን ሲጨርሱ ወዲያው፣ ከአንድ ገጽ ሳያስበልጡ መሙላት ይሻላል።

ድራኩላ ላይ ሥራው ይረዝማል፤ ወደ 160,000 ቃል፣ 27 ምዕራፍ ነው። ሁሉም ነገር በማስታወሻ፣ በደብዳቤና በቴሌግራም ስለሚተረክ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ቀኑንም እጽፋለሁ፤ ታሪኩ ግንቦት 3 ይጀምርና ኅዳር 6 ላይ ድራኩላ ይሞታል። ካውንቱ ከምዕራፍ 4 በኋላ እምብዛም ብቅ አይልም፤ በየትዕይንቱ ሊያየው የሚጠብቅ ሰው የጠበቀው ፊልሞቹን ነው። ባለ ትልቅ ኮሌታው ካባ ከ1920ዎቹ ቲያትር የመጣ ነው። በሞተች ሚስቱ ምትክ የመጽሐፉን ባለታሪክ ሚናን ማፍቀሩ በ1992ቱ ፊልም የተስፋፋ ነው፤ በ1974 የቴሌቪዥን ፊልም ላይ በሚና ጓደኛ በሉሲ በኩል ታይቶ ነበር። የ1992ቱ የደራሲውን ስም በርዕሱ ስለያዘ ብዙ ሰው ፍቅሩን ከመጽሐፉ ቆጠረው፤ እኔም በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ያለ ጥርጣሬ ጽፌው ነበር።

በፀሐይ መሞቱስ? በመጽሐፉ ምዕራፍ 13 የሚና ባል ጆናታን ድራኩላን ለንደን ፒካዲሊ ላይ በቀን ያየዋል፤ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይቃጠልም። በምዕራፍ 27 የሚገድሉት የጆናታንና የጓደኛቸው የኩዊንሲ ሞሪስ ቢላዎች ናቸው፤ የእንጨት ካስማ እንኳ የለም። በፀሐይ መሞትን የፈጠረው የ1922ቱ "ኖስፈራቱ" ነው፤ ያለ ፈቃድ ስለተሠራ የስቶከር ሚስት ከስሳው በ1925 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ የተፈረደበት ፊልም። የኤገርስ ኦርሎክም በንጋት ብርሃን ይሞታል። "መጽሐፉን አዛቡት" ለሚል ደብተሩን እገልጥለታለሁ፤ ሪዙ "መ 2"፣ ፀሐዩ "ፊ 1922"።