ካርታው ያልነገረኝ 17 ኪሎ ሜትር

የኤሌክትሪክ ብስክሌቴ ባትሪ ያለቀው ቤት ለመድረስ 17 ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ነው። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ። የቀረኝ 24 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ነው፤ ከፊቴ ደግሞ ነፋስና አቀበት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያለ ሞተርም ይነዳል፣ አልዋሽም። ግን አያድርስ ነው። ቤት ስገባ መሽቶ ነበር፤ ደረጃውን የወጣሁት ግድግዳ ይዤ ነው።

ስህተቱ የተሠራው መንገድ ላይ አይደለም። ከመነሳቴ በፊት፣ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ብስክሌቱን ስገዛ «በአንድ ቻርጅ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ተብዬ ነበር። ያቀድኩት ከከተማ ወጥቼ የምመለስበት መንገድ ደርሶ መልስ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ይተርፈኛል አልኩ። «እስከ» የምትለዋን ቃል ግን ልብ አላልኳትም። ያ 100 ኪሎ ሜትር ቀለል ያለ ሰው፣ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ሜዳ ለሜዳ፣ ሞተሩን በትንሹ እያሠራ ሲነዳ የሚገኝ ነው።

ለሁለተኛው ጉዞ ኪሎ ሜትሩን ትቼ በዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው በሚይዘው የኃይል መጠን፣ ማሰብ ጀመርኩ። ባትሪው ላይ ቮልትና አምፒር-ሰዓት ተጽፏል፤ ሁለቱን ማባዛት ነው። የእኔ 36 ቮልት፣ 14 አምፒር-ሰዓት ነው፤ 504 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ቀጥሎ የራሴን ፍጆታ ለካሁ። ባትሪውን ሞልቼ በማውቀው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። 60 በመቶ ገደማ በላ። ለአንድ ኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። እንግዲህ የእኔ ባትሪ የ50 ኪሎ ሜትር እንጂ የ100 አይደለም። ሩቡን ለክፉ ቀን ሳስቀር ደግሞ 38 ገደማ ቀረኝ።

አቀበት የራሱ ሂሳብ አለው። እኔ፣ ብስክሌቱና ቦርሳው አንድ ላይ 105 ኪሎ ነን። ይህን ክብደት 300 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ወደ 86 ዋት-ሰዓት ይፈልጋል። ከፊሉን እግሬ ይችላል፤ ሞተሩም ከሚወስደው ጥቂቱን በሙቀት ያባክናል። ቁልቁለቱ ይመልስልኛል ብዬ አስብ ነበር። የለም፤ አብዛኞቹ ብስክሌቶች ቁልቁለት ላይ ባትሪ አይሞሉም። የሚግለው ፍሬኑ ነው። ስለዚህ አሁን ካርታ ስከፍት ከርቀቱ በፊት የማየው ጠቅላላ የአቀበቱን ሜትር ነው።

የነፋሱ ነገር ደግሞ ያሳፍረኛል። ያን ቀን ስሄድ በጉልበቴ ተደንቄ ነበር። ለካ ከኋላ የሚገፋኝ ነፋስ ነው! ይህን ያወቅኩት ፊቴን ወደ ቤት ሳዞር ነው። ከፊት የሚመጣው አየር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ኋላ የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየነዳህ 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣብህ፣ ሰውነትህ የሚጋፈጠው የ30ን አየር ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ትንበያውን አያለሁ። ነፋሱን ጠዋት፣ ባትሪውም እኔም ሙሉ ሳለን ነው የምጋፈጠው።

ከትልቅ ከተማ መውጣት ራሱ አንድ ሥራ ነው። በየመብራቱ ቆሞ መነሳት ባትሪ ይበላል፤ ከባድ ብስክሌትን ከቆመበት ማስነሳት ቀላል አይደለም። ማልጄ መውጣቴ ግማሹን ችግር ፈታልኝ።

ጎማ መተንፈስን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ሰው አያስብበትም። የእኔ ሞተር ያለው የኋላው ጎማ ውስጥ ነው። ጎማውን ለመፍታት የሞተሩን ገመድ መንቀል፣ ጠንከር ያለ የብሎን መፍቻ መያዝም ይጠይቃል። ደግነቱ ቀዳዳው የት እንዳለ ከታወቀ ጎማውን መፍታት አያስፈልግም። የውጪውን ጎማ በአንድ በኩል አላቆ የውስጡን መዘዝ አድርጎ መለጠፍ ይቻላል። መንገድ ዳር ከመማር ግን ቤት አንዴ ቢሞከር ይሻላል።

ቻርጀር ይዤ ልሂድ አልሂድ ብዬም ብዙ አመነታሁ። የእኔ ቻርጀር 2 አምፒር ነው። ምሳ እስክበላ በአንድ ሰዓት የሚሞላው ወደ 80 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም 8 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚያ ስል ተጨማሪ ጓዝ አልሸከምም ብዬ ተውኩት።

በመጨረሻ ያወጣሁት ዕቅድ ይህ ነበር፦ መሄጃው ብቻ በብስክሌት፣ 36 ኪሎ ሜትር፤ መመለሻው በባቡር። ባቡሩ ብስክሌት እንደሚጭን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ግን እንደማይፈቅድ አስቀድሜ ጠየቅኩ። ከምሳ በኋላ ባለው ሰዓት ለመሳፈር ወሰንኩ። ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ። ጣቢያው ስደርስ ባትሪው 29 በመቶ ይላል። ፈገግ ብዬ ወደ አሳንሰሩ ሄድኩ፤ በሩ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባትሪውን ነቅዬ መጀመሪያ እሱንና ቦርሳውን አወጣሁ፤ ከዚያ ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ደረጃው 42 ነው። ቆጥሬዋለሁ።