ገመዱ የተቀጠለበት ቦታ

«ቀጣይነት» የሚለውን ቃል ሳነብ ለረጅም ጊዜ በሐሳቤ የሚመጣው ያለማቋረጥ የሚፈስ ውኃ ነበር። ግሡን ልብ ብዬ ስመለከተው ግን ገመድ የሚቀጠለው ከተበጠሰ ወይም ካጠረ በኋላ መሆኑን አስተዋልሁ፤ መቀጠል በውስጡ ቋጠሮ አለው ማለት ነው። የንቦችን ኑሮ ያነበብሁትም ይህን ቋጠሮ እየፈለግሁ ነው።

በሥራ ወቅት አንዲት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ግን ጥቂት ዓመታት ትቆያለች። ሠራተኛይቱ እንቁላል ከተጣለ በ21ኛው ቀን ገደማ ትወጣና በመጀመሪያ ንቦች የሚያድጉባቸውን የሰም ክፍሎች ታጸዳለች፤ ከዚያም እጮችን ትመግባለች፣ ሰም እያመነጨች ትገነባለች፣ በር ትጠብቃለች፣ በመጨረሻም ወደ አበባ ትወጣለች። መጋቢዎቹ ቢጠፉ ወደ መስክ የወጡት ተመልሰው እጭ መመገብ ስለሚችሉ፣ ይህ ቅደም ተከተል ግትር ሕግ አይደለም። የሚያልፉት ንቦች ቢለዋወጡም የእጮቹ ሙቀት ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደተጠበቀ ይኖራል። እጮቹ ያደጉባቸው ክፍሎችም እያንዳንዱ ትውልድ የሚተወው ስስ ልባስ እየተደራረበባቸው ይጠቁራሉ፣ ይጠባሉም።

ስለ ንድፍ ሲነሣ ሁሉም የሚያደንቀው የክፍሎቹን ስድስት ጎን ነው። (ንድፍ የወጣበት «ነደፈ» የንብን መርፌ ሥራም መግለጹ ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘኛል።) ጠፍጣፋ ስፍራን እኩል ስፋት ወዳላቸው ክፍሎች በአነስተኛ ግድግዳ ለመከፋፈል ከዚህ ቅርጽ የሚሻል እንደሌለ የእስክንድርያው የሒሳብ ሊቅ ፓፑስ በ4ኛው መቶ ዘመን ጽፎ ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ሄልስ ሙሉ ማረጋገጫውን ያቀረበው በ1999 ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ንድፉ የሚዛነፍበት ቦታ ነው። ንቦች የማር እንጀራውን ከተለያዩ ጫፎች ጀምረው ሲሠሩ፣ ሁለቱ ሥራዎች የሚገናኙበት መሥመር ላይ አምስት ወይም ሰባት ጎን ያላቸው ክፍሎች ይታያሉ፤ ሰፋ ያሉት የድንጉላ (የወንድ ንብ) ክፍሎች ከሠራተኞቹ ክፍሎች ጋር በሚዋሰኑበትም እንዲሁ። እነዚህን እንደ ስሕተት ማየት አልችልም፤ ገመዱ የተቀጠለበት ቦታ እነርሱ ናቸውና።

መንጋው በሚከፈልበት ጊዜ ጥያቄው ይከብዳል። አብዛኛውን ጊዜ አሮጊቷ ንግሥት ከብዙ ሠራተኞች ጋር ወጥታ ትሄዳለች፤ እንጀራው፣ እጮቹና የተከማቸው ማር ገና ላልወጣች ልጇ ይቀራሉ። የቀድሞው መንጋ የትኛው ነው? በንግሥቲቱ ብንለካ የሄደው፣ በቤቱ ብንለካ የቀረው ይሆናል፤ እኔ ለአንዳቸው ልፈርድ አልቻልሁም። የሚሄዱት ግን ከመውጣታቸው በፊት ሆዳቸውን በማር ይሞላሉ፤ በአዲሱ ስፍራ የሚሠሩት የመጀመሪያ እንጀራ ሰምም የሚገኘው ከአሮጌው ቤት ከያዙት ከዚያው ማር ነው።