«ራን» ሲውል

ኑሮዬ አሜሪካ ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ በስልክ ለሐኪምና ለታካሚ ማስተርጎም። የታካሚ ምስጢር እዚህ አልጽፍም፤ የምጽፈው በየቀኑ የሚደጋገመውን ነው። ዛሬ ልቤን የሳበው «ራን» (run) የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ነች። መሮጥ ማለት ነው ተብለን ነበር የተማርነው።

ነርሷ የልጁ አፍንጫ «ራን» ያደርጋል ወይ ትላለች። ትኩሳቱንም በእሷው ትጠይቃለች። አስም በቤተሰቡ «ራን» ያደርጋል ወይ? ዶክተሯ ማርፈዷንም በዚያችው ቃል ትነግረኛለች። ከእኔ አፍ ግን የሚወጣው ሌላ ነው፦ «ንፍጥ አለው? ትኩሶታል? አስም በዘራችሁ አለ? ዶክተሯ ትንሽ ስለሚቆዩ ይታገሱ።» የሚሮጥ ማንም የለም።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ ለማጠናቀር ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል፤ 645 ፍች ወጣለት። በ1928 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ በወጣው የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ እትም ሰፊውን ቦታ ይዞ የነበረው «ሴት» ነበር፤ የእኛዋ ሴት አይደለችም፣ ማስቀመጥ የሚለው የእነሱ ግስ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ «ራን»ን ያፋፋት ማሽን ነው። ሞተሩም፣ ባቡሩም፣ የኮምፒውተር ፕሮግራሙም «ራን» ያደርጋል፤ ሱቅ የሚያስተዳድረውም እንዲሁ። ፖለቲካው ደግሞ ያስቀኛል፦ ለምርጫ የሚወዳደር ሰው አሜሪካ ውስጥ ይሮጣል፣ እንግሊዝ ውስጥ ይቆማል።

እነሱን ብቻ አልማ እንጂ። እናትየዋ ስትመልስ እኔም ላብ በላብ ነኝ። «ሌሊቱን ሳል ይዞት አደረ። ሆዱም ምግብ አልይዝ አለ። ሥራ ይዞኝ ነው እስካሁን ሳላመጣው የቆየሁት፤ አሁንም ታክሲ ይዤ ነው የመጣሁት። ሌላ ቀጠሮ ይያዝልኝ።» ለነርሷ ይህን ሳደርስ ለእያንዳንዱ «ያዘ» የተለየ ግስ ማምጣት አለብኝ፣ ያውም ሳልንተባተብ። ገና ቂም የያዘው፣ እልህ የያዘው፣ ፖሊስ የያዘው፣ ዝናብ መንገድ ላይ የያዘው አልመጣም። ችግኝም ይይዛል።

ጊሊቨር አማርኛ ቢችል ኖሮ «ያዘ»ን አሸክሜው ስንት ወር እንደሚፈጅበት ባየሁት።